ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ምክር ቤት ዋልኩ። የኮሚቴ ሪፖርት ተነበበ... አንባቢው ራሱ መሀል ላይ አዛጋ። ጎኔ የሚቀመጡት ሽማግሌ አባል፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያጨበጭባሉ። ደግሞ አንድም ጊዜ አይሳሳቱም። እንዴት እንደሚያውቁበት ጠየቅኳቸው።

"ልጄ፣ እዚህ ወንበር ላይ ስትከርሚ እጅ ራሱ ይማራል" አሉኝ።

ሳቄ አምልጦኝ አፈ ጉባኤው ገላመጡኝ። ዐሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተማሪ ስገላምጥ ኖሬ፣ አሁን ተራዬ ደረሰ።

የጫማዬ ተረከዝ ሊነቀል ነው። ጫማ ሰፊ ጋ መውሰድ። እማዬ ጋ መደወል... ረሳሁ ደግሞ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

እማዬ ቀደመችኝ። "ወንበር ላይ ወጥተሽ እናት ተረሳች አይደል?" ብላ ጀመረች። እንደ ልማዷ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዳቦው ማነስ... ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። የታናሽ እህቴ ባል እኔ ጋ ሊመጣ ነው አለች።

"ምን ሆኖ?"

"እኔ እንጃ። ምግብ አይበላም። ፊቱ ልክ አይደለም።"

ያ ሰው? ቤት ቢቃጠል ቀስ ብሎ ተነስቶ ጫማውን የሚያስር ሰው?

አርብ፣ ግንቦት 8

መጣ። የግድብ ሰው ነው፤ ከከተማችን በላይ ያለውን ግድብ ሲጠብቅ ነው ዕድሜው የሄደው። ከግድቡ ግርጌ በምትወጣ ትንሽ ቦይ የሚፈሰውን ውሃ በየቀኑ ይለካል። ሥራው ይኸው ነው። እኛም "የቦይ ባል" እያልን እህቴን ስንቀልድባት ኖረናል።

ከቦርሳው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ቡናማ ውሃ።

"ያፈሳል እንዴ ግድቡ?" አልኩት።

"የአፈር ግድብ ሁሉ ያፈሳል፣ እትዬ። ማፍሰሱ አይደለም ያስፈራኝ። ድሮ የሚፈሰው ጠርቶ ነበር... አሁን ደፈረሰ።"

አልገባኝም። ገባውና አብራራልኝ። የጠራ ውሃ በግድቡ ውስጥ አልፎ መጣ ማለት ነው። የደፈረሰ ውሃ ግን ግድቡን ይዞት መጣ ማለት ነው። ከውስጥ እየበላው ነው።

"ለአለቆችዎ... ለአለቆቼ ነግሬያለሁ" አለ፤ ድንጋጤው አፉን ያሳስተዋል። "ክረምቱ ሳይገባ ውሃው ይቀነስ አልኩ። ለመስኖው ምረቃ ሙሉ መሆን አለበት አሉኝ።"

እማዬ ያለችው ታች ሰፈር ነው፤ ወንዙ ዳር። እህቴም፣ ልጆቿም። ያስተማርኳቸው ልጆች ወልደው ከብደው እዚያው ናቸው።

"እርስዎ ሚኒስትሩን መጠየቅ ይችላሉ አይደል?" አለኝ።

እችላለሁ እንጂ! ለዚህ አይደል እንዴ የተመረጥኩት?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጥያቄዬን አስገባሁ። እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ "ከግድቡ ግርጌ የሚፈሰው ውሃ መደፍረሱን ሚኒስቴሩ ያውቃል ወይ? ካወቀ፣ ክረምት ሳይገባ ውሃው የማይቀነሰው ለምንድን ነው?"

አጭር። ተማሪም ይገባዋል።

ደንቡ ጥያቄ ቀደም ብሎ ለሚኒስቴሩ ይላክ ይላል። ሚኒስትሩ እንዲዘጋጅ። ጥሩ፣ ይዘጋጅ። ፈተናውን ቀድሞ የሚያይ ተማሪ ቢገርመኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

የፓርቲያችን ተጠሪ አስጠራኝ። ማን ምን እንደሚጠይቅ የሚያደላድለው እሱ ነው። ጋሼ "አሳሳቂው" ይሉታል፤ ፈገግታው ከፊቱ ወርዶ አያውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለእሱ ነው።

"እህቴ፣ ጥያቄሽ ግሩም ነው" አለኝ። "ትንሽ ብናሳምረውስ?"

ጠርሙሱን ይዤ ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አየው። ፈገግ አለ። ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ... ከጠርሙሱ እንዳይቀዳበት የፈራ ይመስል።

"መደፍረስ" የሚለው ወጣ። ሕዝብ ያሸብራል። "ለምን አይቀነስም" ወጣ። መክሰስ ይመስላል። "ያውቃል ወይ" ወጣ። ሚኒስቴር የማያውቀው ነገር አለ ማለት ነውር ነው። መጨረሻ ላይ የቀረችው ይህቺ ናት፦ "የግድቡን ደህንነት ይበልጥ ለማጠናከር ምን እየተሠራ ነው?"

"ይበልጥ" የምትለዋን እሱ ነው የጨመረው።

"እምቢ ካልኩስ?"

"እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ጥያቄው ግን ተራ አይደርሰውም" አለ፣ አሁንም ፈገግ ብሎ።

እሺ አልኩ። ሞኝ አይደለሁም! ጠያቂው ከመልሱ በኋላ ተጨማሪ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው፤ ያንን ማንም ቀድሞ አያየውም። እውነተኛውን ለዚያ አስቀምጠዋለሁ። ለጋሼ ነገርኳቸው። አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። "እስቲ" አሉ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

እህቴ እያለቀሰች ደወለች። ባሏን አዛወሩት። "ለአስቸኳይ ሥራ" ተብሎ ድንበር ላይ ያለ የጉድጓድ ውሃ ጣቢያ። ሻንጣውን እንኳ በቅጡ ሳያዘጋጅ መኪና መጥቶ ወሰደው።

"ከቦዩ ዳር ማን ተተካ?" አልኳት።

"ማንም። በሩ ተቆልፏል።"

ወይ ጉድ... ጥያቄዬ ለሚኒስቴሩ የተላከችው የመጀመሪያዋ ናት። ከመከርከሟ በፊት ያለችው። "መደፍረስ" የሚል ቃል ከማን አፍ ሊወጣ ይችላል? ቦይዋን የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሚኒስትሩ ተዘጋጅቷል። አዎ፣ ዝግጅት ማለት ይህ ነው።

ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

የዛሬውን እንዴት ልጻፈው? በቅደም ተከተል። እንደ አስተማሪ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ሁሉም። ጥያቄዎች ተራ በተራ ተነበቡ። የእኔም ተነበበች፤ ተላጭታ፣ ተቀብታ። ሚኒስትሩ የሁላችንንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ መለሰ። ስለ መስኖ ብዙ ተናገረ። ስለ አባቶቻችን ተናገረ። ስለ እኔ ጥያቄ አንድ ዐረፍተ ነገር፦ "ግድቡ ከመቼውም ጊዜ በላይ አስተማማኝ ነው።" ተጨበጨበ። ጋሼ አላጨበጨቡም። ዐይናቸው ተገልጦ ነበር።

እጄን አወጣሁ። አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን አይተው "ክብርት፣ በአጭሩ" አሉኝ። ተነሳሁ። ማይክራፎኑ በራ።

እዚህ ቤት ማንም ሰው ከሚኒስትር መልስ በኋላ ሲነሳ መጀመሪያ የሚላት ነገር አለች። ሁላችንም እንላታለን። ጉሮሮ እንደ መጥረግ ናት። እኔም አልኳት።

"ክቡር ሚኒስትር ስለሰጡን ማብራሪያ አመሰግናለሁ..."

"እኛም እናመሰግናለን። ወደሚቀጥለው" አሉ አፈ ጉባኤው። ማይክራፎኑ ጠፋ።

ቆሜ ቀረሁ። "ገና ነኝ! ጥያቄ አለኝ!" ብያለሁ፤ ጮኬም ነበር። ድምፄ ከፊት ካለው ወንበር አላለፈም። ቀጣዩ ሰው ስለ መንገድ መብራት መናገር ጀመረ። ጋሼ ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ።

"ምነው ማመስገኗን ለመጨረሻ ባደረግሻት" አሉኝ።

ኧረ ምነው ባደረግኳት! ምነው ምላሴ በተሳሰረ!

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

እማዬ በጠዋት። ደስታዋ ስልኩን ሊሰብረው።

"አየንሽ! ሰፈሩ በሙሉ ዳቦ ቤት ተሰብስቦ አየሽ! ያቺ ሰማያዊ ሹራብ አማረችብሽ።"

ዜናው ላይ የታየው ሚኒስትሩ "አስተማማኝ ነው" ሲል፣ ከዚያ እኔ "አመሰግናለሁ" ስል። አለቀ። ሌላ የለም።

ሰፈሩ ውስጥ ወሬ ነበር ለካ። እህቴ የባሏን ጭንቀት ለጎረቤት ተንፍሳ፣ ሰው መደንገጥ ጀምሮ። ዳቦ ጋጋሪው፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ሚስቱንና መንታ ልጆቹን ኮረብታው ላይ ወደ አማቶቹ ቤት ወስዶ ነበር። ትናንት ማታ መለሳቸው።

"ለምን?" አልኳት፤ መልሱን እያወቅኩት።

"ቲቸር ራሷ ጠይቃ ራሷ አመሰገነች፣ ምን ቀረ? አለ።"

እማዬ፣ አትመኑ፣ ውጡ አልኳት። ሳቀች። "አንቺ ደግሞ ትናንት እንዲያ ብለሽ ዛሬ እንዲህ?" ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ለአፈ ጉባኤው ማስተካከያ እንዲነበብልኝ አመለከትኩ። ጸሐፊያቸው ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ አሳየኝ። "አመሰገኑ ይላል፣ ክብርት። አላመሰገኑም?"

አመስግኛለሁ።

አዲስ ጥያቄ ከዕረፍት በኋላ ነው የሚታየው። ምክር ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው። ግድቡ ግን ዕረፍት አይወጣም። ሁለት ጋዜጠኞች ጋ ደወልኩ። አንዱ ስልኩን አያነሳም። ሌላው "በጽሑፍ ካልሆነ" አለ፤ በጽሑፍ ስልክለት ጠፋ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ዘነበ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ያለማቋረጥ ይዘንባል። መስኮቴ ሥር ቆሜ ጎርፉን አያለሁ። ጠርቶ ይሁን ደፍርሶ እያየሁ ነው... የመንገድ ጎርፍ! ሳላብድ አልቀረሁም።

አሳሳቂው ደወለ። "በየቦታው እየደወልሽ ነው አሉ። እህቴ፣ ሕዝብ ማሸበር ያለመከሰስ መብትን ያስነሳል። እኔ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ።" ድምፁ ውስጥ እንኳ ፈገግታው ይሰማል።

ነገ እሄዳለሁ። እማዬን አንጠልጥዬ አመጣታለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

እማዬ ቤት። ትናንት ገባሁ። አውቶቡሱ ድልድዩን ሲያቋርጥ ወንዙን አየሁት። ጭቃ ነው። ክረምት ነው፣ ይደፈርሳል፣ እሱ አይደለም... ግን ግድቡ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከመንገዱ ይታያል።

እማዬ አልነቃነቅ አለች። የሆነውን ሁሉ፣ ማይክራፎኑን ሳይቀር ነገርኳት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"ታዲያ ለምን መጀመሪያ አመሰገንሽ?"

"ደንብ ነው እማዬ።"

"ምን ዓይነት ደንብ ነው? እኛ ጋ እኮ ሰው በልቶ ሲጠግብ ነው የሚያመሰግነው።"

ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ሳብኩ።

"እኔ የትም አልሄድም" አለች። "ሰው ልጇ ያመሰገነችውን እናቷ ሸሸች ይበል? ስምሽን አላሰድብም።"

ስሜን! ስሜ ገደል ይግባ! አልቅሼ ለመንኳት። እንባዬን በመዳፏ ጠረገችልኝና አልጋዬን አነጠፈችልኝ። ጥያት ልሂድ? አልችልም። አብሬያት ተኛሁ።

አርብ፣ ሰኔ 27

ዛሬ ያየሁትን...

ጠዋት ከቤት ስወጣ ዳቦ ጋጋሪው ጋሪ ላይ የጫነውን ፍራሽ ያወርዳል። ሚስቱ ድስቱን፣ መንታዎቹ አንድ አንድ ትራስ ተሸክመው ወደ ቤት ይመለሳሉ። የሰሞኑ ዝናብ አስፈርቷቸው ሊወጡ ነበር።

"ምነው? ምን እያደረግህ ነው?"

"እንኳን ደህና መጡ ቲቸር!" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። "ፈርተን ነበር፣ አልዋሽም። ትናንት ማታ እርስዎ እዚህ ማደርዎን ስንሰማ ግን... ቲቸር የተኛችበት ሰፈር ምን ይነካዋል?"

ከእሱ ጀርባ ሌሎችም ያወርዳሉ። በእኔ ምክንያት! በመምጣቴ! እናቴን ላወጣ መጥቼ ሰፈሩን አስቀመጥኩት።

"አይደለም፣ ውጡ፣ አደጋ ነው" አልኩ። ማብራራት ጀመርኩ፤ ስለ አፈ ጉባኤው፣ ስለ ተጨማሪ ጥያቄ፣ ስለ ደንቡ። ሰው ተሰበሰበ። በአክብሮት ሰሙኝ። አንዱ "ቲቸር ደክሟታል" አለ። ሌላዋ ወንበር አመጣችልኝ። ባብራራ ቁጥር ይበልጥ ባለሥልጣን መሰልኩ።

እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛውን ፍራሽ ሲያወርድ አየች። መንታዎቹን አየች። ገባች። ቀኑን ሙሉ አላወራችኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ዝናቡ ጠዋት ለአፍታ ቆመ። ሰው ለዳቦ ተሰልፏል። እማዬ ነጭ ሻርፗን አድርጋ፣ ዱላዋን ይዛ፣ "ነይ" አለችኝ። ሰልፉ ፊት ወስዳ አቆመችኝ። እጄን እንደ ሕፃን ይዛዋለች።

"ስሙኝ" አለች። "ይህቺ ልጄ ዋሽታችኋለች።"

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

"ምን ያስቅሃል? ዋሽታለች እኮ ነው የምልህ! በቴሌቪዥን ወጥታ፣ ግድቡ ሊፈርስ መሆኑን እያወቀች፣ አመስግናለች። እኔ ነኝ የወለድኳት፣ እኔ ነኝ የማውቃት። ሐሰተኛ ናት!"

ዳቦ ጋጋሪው ከመስኮቱ ውስጥ አየኝ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት። "እውነት ነው ቲቸር?" አለ። በዚያ በልጅነቱ ድምፅ።

"ነገሩ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ..." ብዬ ስጀምር እማዬ እጄን ቆነጠጠችኝ። አጥንቴ ድረስ።

"እውነት ነው" አልኩ። "ዋሽቻለሁ።"

መጀመሪያ የተፋችው ወንበር ያመጣችልኝ ሴት ናት። እግሬ ሥር ነው የወደቀው። ዳቦ ጋጋሪው መስኮቱን ዘጋው። ከዚያ እሳቱን ሲያጠፋ ሰማሁ። ከዚያ ሚስቱን ሲጠራ።

እማዬ ፍራሿን ራሷ ልትጎትት ሞከረች። ቀማኋት። ዳገቱን ስንወጣ ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ ሳታሰማ።

"ስለ አንቺ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም" አለችኝ። "አንድም ቀን። ጎረቤት ሲያማሽ እንኳ ተጣልቻለሁ።"

"አውቃለሁ እማዬ።"

"አሁን ማን ያምነኛል፣ ደህና ልጅ ናት ብል?"

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ኮረብታው ላይ፣ ትምህርት ቤቱ። ድሮ ያስተማርኩበት ክፍል ውስጥ ነን። እማዬ፣ እህቴ ከልጆቿ ጋር፣ ዳቦ ጋጋሪውና ቤተሰቡ፣ ሌላም ብዙ ሰው። ዴስክ ገጥመን እንተኛለን። እማዬ በጉልበቷ ምክንያት የመምህሩን ጠረጴዛ ይዛለች።

ሁሉም አልወጣም። ከመስኮቱ ታች ሰፈር ይታያል፤ ዛሬም ጢስ የሚወጣባቸው ቤቶች አሉ። እነሱ "እናትና ልጅ ተጣልተው ነው" አሉ አሉ። ሁለቴ ወርጄ ለመንኳቸው። በር ዘጉብኝ። ዳቦ ጋጋሪው አሁን ሊወርድ ነው፤ እሱን ይሰሙት ይሆናል። ሲያልፍ አያየኝም። አይየኝ፣ ብቻ ይሂድ።

ያለመከሰስ መብቴ ሊነሳ ነው፤ አሳሳቂው መልእክት ልኳል። የእህቴ ባል ከዚያ ሩቅ አገር ደወለ። "ቦዩን ያየ ሰው አለ?" ብቻ አለኝ። የለም። "ዛሬ ማንም እንዳይወርድ" አለ፤ ያ ቀስ የሚል ሰው ቶሎ ቶሎ እያወራ። ዳቦ ጋጋሪውን ማስቀረት አለብኝ። ወይስ ይውረድ? እዚያ እኮ ሰው አለ... ምን ላድርግ?

ሕፃናቱ በረንዳው ላይ ቆመው ወንዙን ሲጠብቁ ውለዋል። ስም አውጥተውልኛል። እማዬ ስትሰማው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ ለምጄዋለሁ።

አሁን እየጮኹ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ።

"ውሸታሟ ቲቸር! ውሸታሟ ቲቸር! ነይ እዪ፣ ድልድዩ የለም!"

አቤት። መጣሁ።